አባዬ ይዞት የሚዞረው ብረት

ተማሪዋ ላፕቶፗን ከፍታ ካርታውን አሳየችኝ። ከግልገል ጊቤ ወንዝ በላይ ያለ አንድ ቁራጭ መሬት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚፈስ በሰማያዊ ይስላል። ጣቷን ምዕራቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጅረት የለም" አለችኝ። "እኔ የዚያ ሀገር ልጅ ነኝ። ከብት ያገድኩበት ነው። ደረቅ ጉብታ ነው።"

ካርታው ግን ጉብታው ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ደርድሯል።

ሐምሌ ነበር። ጅማ በሐምሌ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አያቆምም። የተቀመጥንበት ቡና ቤት ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ለመደማመጥ ጎንበስ ብለን ነው የምናወራው። አዌቱ ወንዝ ቅርባችን ነው። ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃ ነበር። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ወደ ላይ የወጣ ይመስላል።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ ስለሠራናት አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ነው። ፈንክሽን ማለት አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ ናት። የእኛዋ፣ ኮድን የሚያፈጥነው ጂት ኮምፓይለር የሚሰጠው መልስና ተራው ኮድ የሚሰጠው መልስ አንድ መሆኑን የምታጣራ፣ ማንም ሰው በየቴስቱ (ኮድ ልክ መሥራቱን በሚፈትሽ ኮድ ውስጥ) ሊጠራት የሚችል አጋዥ ናት። ኮድ ከመጻፍ ስንት ዓመቴ ነው፤ እንደ እሷ የምወደው ሥራ ግን ብዙ የለኝም።

መጀመሪያ ስለ ፕሮግራሙ። የልጅቷ የመመረቂያ ሥራ ነው። ከየማሳው የሚታጠበው አፈር ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ መግባቱ እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ያሳስበዋል። ግድቡ በፈረንጆቹ 2004 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። አፈሩን የሚወስደው ጎርፍ ነውና መጀመሪያ የጎርፉን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መሬቱ በ30 ሜትር በ30 ሜትር ካሬ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ካሬ ከፍታ አለው። በላዩ የወረደው ውሃ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ በጣም ዝቅ ወዳለው ይፈሳል፤ ያ ደግሞ ወደ ሌላው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዛቱ ነው የሚከብደው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,111 ያህል እንዲህ ያሉ ካሬዎች አሉ። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲያዝ ከ1.1 ሚሊዮን ያልፋሉ። ይህ ለ30 ዓመት፣ ቀን በቀን ሲሰላ ከ12 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተራው ሲሠራ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ጠዋት አንድ ቁጥር መቀየር ቢያስፈልግ ሌላ ሌሊት። ስለዚህ ነምባን ተጠቀመች። ነምባ ለፓይተን የተሠራ ጂት ኮምፓይለር ነው። ፈንክሽኑ አናት ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ የሌሊቱ ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ጅማ ውስጥ "ጂት" ስትሉ ሰው ወደ ቂጦ ፉርዲሳ ነው የሚጠቁማችሁ። እዚያ ያለው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምህጻረ ቃል ነውና። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ጂት ነው፤ "ጀስት ኢን ታይም" ስለሚባለው፣ በሰዓቱ ስለሚተረጉመው።

ጅማ ያደገ ሰው ሥራውን ቶሎ ይረዳዋል። ገበያ ላይ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ሲነጋገሩ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ልጅ አይጠፋም። ዓረፍተ ነገሩን ይሰማል፣ ይተረጉማል። ያው ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ቢነገር መቶ ጊዜ ይተረጉመዋል። ተራው ፓይተን የሚሠራው እንደዚህ ነው። ጂት ኮምፓይለር ግን የሚደጋገመውን ክፍል በተፈለገበት ሰዓት አንዴ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የተተረጎመውን ራሱ ያነበዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኬን ቶምፕሰን በ1968 የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፎችን እዚያው በሥራ ላይ ወደ ማሽን ቋንቋ ይመልስ ነበር። ዛሬ ክሮም ስትከፍቱ ውስጡ ያለው ቪ8 የሚባለው ሞተር ከ2008 ጀምሮ ይህንኑ ያደርጋል። ማለትም ሁላችንም በየቀኑ በአስተርጓሚ እጅ ነን።

ታዲያ አስተርጓሚው ተሳስቶ ቢሆንስ? ወይም አልተሳሳተም፣ ግን እኛ ያላሰብነውን ስምምነት አድርጎ ቢሆንስ?

ወደ ጉብታው ልመለስ። ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቅኋት። "ያለ ነምባ አስኪደሽው ታውቂያለሽ?" ዝም አለች። ያችን መስመር የጨመረችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ተራውን ኮድ አንድም ቀን አላስኬደችውም። ቀርፋፋ ነው፣ ለምን ታስኬደዋለች?

ነምባ አንድ ደግ ነገር አለው። ኮምፓይል ካደረገው ፈንክሽን ጋር የመጀመሪያውን ተራ የፓይተን ፈንክሽን አያይዞ ያስቀምጣል። ካርታውን ወደ ትንሽ ቁራጭ ቆረጥነውና ተራውን ጠራነው። ሰከንድ አልሞላም። ኢንዴክስ ኤረር ብሎ ቆመ፤ የሌለ ቦታ ተጠየቅሁ ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርታው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ያለ ካሬ በስተቀኙ ጎረቤት የለውም። ኮዱ ግን ጠርዝ መሆኑን ሳያይ "በቀኝ ያለው ከፍታ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ተራው ፓይተን "እዚያ ምንም የለም" ብሎ ይጮኻል። ነምባ ግን ፍጥነት ለማግኘት ሲል፣ ካልታዘዘ በስተቀር ድንበር አይፈትሽም። ዝም ብሎ በሜሞሪ ውስጥ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያነሳል። ሠንጠረዡ በሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጠው ረድፍ በረድፍ፣ አንዱ ካንዱ ተከታትሎ ነው። ስለዚህ ከረድፉ ማብቂያ ቀጥሎ ያለው የሚቀጥለው ረድፍ መጀመሪያ ነው። በምሥራቅ ከካርታው መውጣት የነበረበት ውሃ አንድ ረድፍ ወርዶ በምዕራብ በኩል ይገባል። ከብት ያገደችበት ጉብታ ላይ።

የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ከእሱ በታች የሚቀጥል ረድፍ ስለሌለ፣ ኮዱ የሠንጠረዡ ያልሆነ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። "አንዳንዴ ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋል፣ በመብራቱ ምክንያት መስሎኝ ነበር" ብላኝ ነበር። መብራቱ ምንም አላደረገም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ስህተቱን ያገኘው ኮምፒውተር አይደለም። የሀገሩን መሬት በእግሯ የምታውቅ ልጅ ናት። እሷ የማታውቀው ወረዳ ቢሆን ኖሮ ካርታው አምሮ ታትሞ ይገባ ነበር። ያንን ሳስብ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቴስት አልነበራትም ማለት ግን አይደለም። ነበራት፤ እንዲያውም ተራውንና ኮምፓይል የተደረገውን የሚያወዳድር ቴስት፣ ለሌላ ፈንክሽን የጻፈችው። ያችን ገልብጣ ለዚህኛው ልታውላት አስባ ነበር። ሳያት የምታወዳድረው ድምሩን ብቻ ነው። "የወረደው ውሃ ጠቅላላ ስንት ነው?" ትላለች። ውሃው ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ድምር ብቻ የሚያይ ቴስት እንዲህ ያለውን መዛወር አያይም። የእኔንም የቆዩ ኮዶች ከፍቼ አየሁ። ስድስት ቦታ ላይ እንዲህ ዓይነት ማወዳደሪያ አለ። ሦስት ዓይነት የስህተት ወሰን፤ ሁለት መልሶች ምን ያህል ቢለያዩ እኩል ይባሉ የሚለው። አንዱ ድምር ያያል፣ አንዱ አማካይ ያያል፣ አንዱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁጥሮች። ሁሉንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። እያንዳንዱን ስጽፍ ቸኩዬ ነበር።

ያኔ አባዬ ትዝ አለኝ።

አባዬ ቡና ነጋዴ ነበር። ትልቅ ነጋዴ አልነበረም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየገጠሩ ገበያ እየዞረ ጀንፈል ይሰበስባል፣ ጅማ ሂርማታ ገበያ አምጥቶ ያስረክባል። ሂሳቡ በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። በየሄደበት በጨርቅ የጠቀለላት አንዲት የ2 ኪሎ ብረት ይዞ ይሄድ ነበር። በማንም ሰው ሚዛን ላይ ቡና ከመውጣቱ በፊት እሷን ያስቀምጣል። ሚዛኑ ሁለት ካለ ቡናው ይወጣል። ካላለ መጀመሪያ ሚዛኑ ይስተካከላል።

አንድ ቀን አብሬው ሆኜ አንዱ ባለሚዛን ተቆጣ። "ሌባ አደረግኸኝ ወይ?" አለው። አባዬ ድምፁን ሳያነሳ "ወንድሜ፣ እኔ አንተን አልጠየቅሁም። ሚዛኑን ነው የጠየቅሁት" አለው። ብረቷን አስቀመጠ። ልክ ነበር። ተሳሳቁና ቡናው ተመዘነ። በሌላ ጊዜ ስንሄድ ያው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየን "ያቺን ብረትህን እስቲ አምጣት፣ ሚዛኔን ልየው" ብሎ ጠራን።

ልጅ ሆኜ ያልገባኝ፣ ብረቷ ሁሌ አንድ መሆኗ ነው ዋናው ነገር። ዛሬ ድንጋይ፣ ነገ የስኳር ከረጢት ቢያደርግ ኖሮ ሚዛን ከሚዛን ማወዳደር አይችልም ነበር። የእኔ ስድስት ቴስቶች ስድስት የተለያዩ ድንጋዮች ነበሩ።

ስለዚህ አንዲት ብረት ለመሥራት ተቀመጥን። ፈንክሽኗ ሁለት ነገር ትቀበላለች፤ የሚፈተነውን ፈንክሽንና የሚሰጠውን ግብዓት። አንዴ ኮምፓይል የተደረገውን፣ አንዴ ተራውን ትጠራለች። ከዚያ መልሶቹን ታወዳድራለች። በወረቀት ላይ አምስት መስመር ነው። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

የመጀመሪያው የእኔ ስህተት ነበር። ፈንክሽኑ የተሰጠውን ሠንጠረዥ እዚያው ላይ የሚቀይር ነበር፤ ውሃውን እዚያው ይደምራል። እኔ ለሁለቱም ያንኑ ሠንጠረዥ ሰጠኋቸው። ሁለተኛው የተቀበለው ንጹሑን ግብዓት ሳይሆን የመጀመሪያው የጨረሰበትን ነው። መልሶቹ ተለያዩ፣ እኔም ነምባ ላይ ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ሰዓት ደከምኩ። አሁን አጋዣችን ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ኮፒ ትሰጣለች። ሲጨርሱ ደግሞ የተመለሰውን ብቻ አታይም፤ ሁለቱ ኮፒዎች ምን እንደሆኑም ታያለች። አንዱ ግብዓቱን ቀይሮ ሌላው ካልቀየረ እሱም ልዩነት ነው።

ሁለተኛው፣ ኤረርም መልስ ነው። ተራው ኢንዴክስ ኤረር ካለ ኮምፓይል የተደረገውም እንደዚያው ማለት አለበት። ዝም ካለ ቴስቱ ይወድቃል። የልጅቷን ጉብታ የሚይዘው ይህ አንድ ነጥብ ነው።

ሦስተኛው የቁጥር ዓይነት ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። በተራ ፓይተን ሙሉ ቁጥር የፈለገውን ያህል ያድጋል። ነምባ ውስጥ ግን ቦታው በ64 ቢት የተወሰነ ነው፤ ከ9,223,372,036,854,775,807 ሲያልፍ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። አንዱ መንገድ ሙሉ ቁጥር፣ ሌላው አስርዮሽ የሚመልስ ፈንክሽን ካለም ነምባ ሁለቱንም አስርዮሽ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም እናወዳድራለን።

የስህተት ወሰኑ ላይ ግን ከልጅቷ ጋር ብዙ ተከራከርን። እሷ "እኩል ከሆነ እኩል ይሁን፣ ወሰን ምን ያደርጋል?" አለች። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ላፕቶፑ ላይ 0.1 እና 0.2 ደምረሽ 0.3 ጨምሪ አልኳት። 0.6000000000000001 መጣ። አሁን መጀመሪያ 0.2 እና 0.3 ደምረሽ 0.1 ጨምሪ አልኳት። 0.6 መጣ። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ የተለየው ቅደም ተከተሉ ነው። ጠበብ ባለው በ32 ቢት አስርዮሽ ደግሞ የባሰ ነው። 16,777,216 ላይ 1 ቢደመር መልሱ ያው 16,777,216 ነው፤ አንዷ ጠፍታ ትቀራለች። ነምፓይ የሚባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ ረጅም ዝርዝር ሲደምር እየከፋፈለ ጥንድ በጥንድ ይደምራል። ነምባ ከዳር እስከ ዳር በተራ ይደምራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ መጨረሻ አሃዛቸው ላይ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ ወሰን ግድ ነው።

ወሰን ካለ ደግሞ ሰው ያሰፋዋል። ቴስቱ ሲወድቅ፣ ሰዓቱ ሲመሽ፣ ወሰኑን ትንሽ ላላ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ አድርጌዋለሁ። ከሦስቱ ወሰኖቼ አንዱ እንደዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ አጋዣችን የራሷ ጠባብ ወሰን አላት። ማስፋት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ካልሰጣት አትቀበልም። ባዶ ምክንያት ከሆነ ቴስቱ እዚያው ይወድቃል። ይህን ሕግ ያወጣችው ልጅቷ ናት፤ እኔ መጀመሪያ የበዛ መስሎኝ ነበር። አሁን ምክንያቶቹን ሳነብ ውሃ የሚያነሳና የማያነሳው ወዲያው ይለያል።

የጎደለ መረጃ ሌላው ነው። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ሁልጊዜ አይሠራም። ያልተለካ ቀን ሠንጠረዡ ላይ "ናን" ይገባል፣ ቁጥር አይደለም ለማለት። ኮዳችን ናን ሲያገኝ ይዘለዋል። አንዱ ፈንክሽን ላይ ግን ፋስትማዝ የሚባለው ምርጫ በርቶ ነበር። ይህ ምርጫ ኮምፓይለሩን "ናን የሚባል ነገር አይመጣም ብለህ እመን" ማለት ነው። አይመጣም ብሎ ካመነ ደግሞ "ይህ ናን ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ሊያወጣው ይችላል። አወጣው። አንድ ያልተለካ ቀን ከዚያ በታች ያለውን ወንዝ ሁሉ ናን አደረገው። ያንን ምርጫ ያበራው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ፈጣን ነው ሲባል ሰምቶ ነው። ግን እኛ ሀገር፣ መረጃው እንደዚህ ቀዳዳ በበዛበት፣ ፋስትማዝን በዝናብ ኮድ ላይ ማብራት ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ አጋዣችን ባዶ እጇን አትመጣም። ዝግጁ ግብዓቶች ይዛ ነው የምትመጣው። ናን ያለበት ካርታ፣ ባዶ ካርታ፣ የ32 ቢት ካርታ፣ ከትልቅ ሠንጠረዥ ተቆርጦ የወጣ ካርታ። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ 5 በ7። 5 በ5 ያላደረግነው ሆን ብለን ነው። ካሬ ከሆነ ረድፍና ዓምድን ያምታታ ኮድ ሳይታወቅ ያልፋል።

ከሁሉም ያስቸገረን የውስጥ ጥሪ ነው። ከላይ እንዳልኩት ነምባ ተራውን ፈንክሽን አያይዞ ያስቀምጥልናል። ግን ያ ፈንክሽን ውስጡ ሌሎች ፈንክሽኖችን ይጠራል። የላይኛውን ልብሱን አውልቀን ተራ ብናደርገውም፣ ከውስጥ የሚጠራቸው አሁንም ኮምፓይል የተደረጉት ናቸው። ስህተቱ ያለው ውስጠኛው ላይ ከሆነ ሁለቱም ጥሪዎች ያንኑ ስህተት ይደግማሉ፣ ቴስቱም አረንጓዴ ይሆናል፣ አለፈ ይላል። ይህን ያወቅነው ልጅቷ ኮዷን አጽድታ፣ ጎረቤት የሚፈልገውን ክፍል ለብቻው ፈንክሽን ካደረገችው በኋላ ነው። ለማረጋገጥ ብለን ስህተቱን ሆን ብለን መለስነው። ቴስቱ ዝም አለ። ተያየን።

መፍትሔው አለ፣ ግን ዘገምተኛ ነው። "ነምባ ዲሴብል ጂት" የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከፕሮግራሙ ውጭ የሚሰጥ ቅንብር) 1 ተደርጎ ፓይተን ሲነሳ፣ ነምባ ምንም ነገር ኮምፓይል አያደርግም። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ተራ ይሆናል። ይህ ግን ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው የሚነበበው፤ መሃል ላይ ለአንድ ፈንክሽን ብቻ ላድርግ ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ አጋዣችን ሌላ ፓይተን ለብቻው ታስነሳለች፣ ግብዓቱን በፋይል ትልካለች፣ መልሱን በፋይል ትቀበላለች። ለእያንዳንዱ ቴስት ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል። እኔ ሁለቱንም አማራጭ ላስቀምጥ ብዬ ነበር፤ ፈጣኑንና ሙሉውን። በመጨረሻ ሙሉውን ብቻ አስቀረን። አማራጭ ሲኖር ሰው ፈጣኑን ይመርጣል፣ እኔንም ጨምሮ።

ያ ለብቻው የሚነሳው ፓይተን ሌላም ነገር አወጣ። ልጅቷ የአፈሩን ውሃ የመምጠጥ መጠን ከፈንክሽኑ ውጭ፣ ፋይሉ አናት ላይ በአንድ ቁጥር አስቀምጣ ነበር። ነምባ እንዲህ ያለውን ቁጥር ኮምፓይል ባደረገበት ሰዓት እንደነበረው አድርጎ ያስቀረዋል። በኋላ ቢቀየርም አያይም። ኮዷን በምታስኬድበት ኖትቡክ ላይ ቁጥሩን እየቀያየረች ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ካርታ ስታይ ነበር። "አፈሩ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው" ብላ ጽፋም ነበር። ያንን አንቀጽ አብረን ሰረዝነው። አሁን ቁጥሩ በግብዓት ነው የሚገባው።

አጋዥዋን ለሁለት ጓደኞቼ ላክኋት። አንዱ ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ገብቶ የፍሬው እርጥበት በስንት ቀን እንደሚወርድ ያሰላል። እሱ ጋ የወደቀው የዕድል ቁጥር (በዘፈቀደ የሚወጣ ቁጥር) የሚያመነጨው ክፍል ነው። ነምባ የራሱ የዕድል ቁጥር ምንጭ አለው፤ ከውጭ የተሰጠው የነምፓይ መነሻ ቁጥር እሱን አይነካውም። "እኔ ሁሌ አንድ ዓይነት መነሻ እሰጠው ነበርኮ!" ብሎ ደወለልኝ። አሁን የዕድል ቁጥሮቹን ውጭ አውጥቶ በዝርዝር ይሰጠዋል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወለ። ይህን ጊዜ ቴስት ወድቆበት አይደለም። አዲስ ፈንክሽን ገና ሳይጽፍ፣ እንዴት ቢጽፈው በአጋዥዋ እንደሚፈተን ሊጠይቀኝ ነው። ያን ባለሚዛን አስታወሰኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ እኔም ልስተው ነበርና። ልጅቷ የጠርዙን ስህተት ስታርም በምሥራቅ በኩል ፈተሻ ጨመረች። በታችም ጨመረች። አጋዥዋን አስኬደች፤ ሁሉም አለፈ። ተደሰትን፣ ቡናም አዘዝን። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀርብ ደብተሯን አወጣች። 3 በ3 ካሬ በእጇ ሳለች። በየካሬው 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ። ከፍታዎቹን ራሷ ሞላች፤ ውሃው ሁሉ ወደ ምዕራብ እንዲወርድና ከካርታው እንዲወጣ አድርጋ። በጣቷ እየተከተለች ደመረች። "እዚህ ጥግ 30፣ ከዚያ ይወጣል" እያለች።

ኮዱን ስታስኬደው ውሃው አልወጣም። ምሥራቅ በኩል ነበር።

በምዕራብ ጠርዝ ላይ ያለ ካሬ በስተግራ ያለውን ጎረቤት ሲጠይቅ ኢንዴክሱ (የቦታው ቁጥር) ኔጌቲቭ 1 ይሆናል። ፓይተን ኔጌቲቭ 1 ሲባል ኤረር አይልም፤ ከኋላ የመጀመሪያውን፣ ማለትም ያንኑ ረድፍ መጨረሻ ይሰጣል። ነምባም በዚህ ላይ ፓይተንን ይከተላል። ስለዚህ ተራውም ኮምፓይል የተደረገውም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሰጡ። አጋዥዋ የተጠየቀችው "ትስማማላችሁ ወይ?" ነው። ተስማምተዋል።

ልጅቷ ደብተሯን አላጠፈችም። ያቺን 3 በ3 ካርታ ከነመልሷ በፋይል ጻፈችና ከዝግጁ ግብዓቶቹ ጎን አስቀመጠቻት። ከዚያ አራት ሌላ ሳለች፤ አንዱ ወደ ሰሜን የሚወርድ፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ያለው። የመጨረሻዋን የሳለችው ከትዝታዋ ነው። 5 በ7 ናት፤ የጉብታዋ ቅርጽ፣ በየት በኩል ደረቅ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዱ እንደነበር። በረካው ሲመጣ እሷ ገና ከፍታ እየሞላች ነበር።